ከሴራሚኩ ጀርባ የተረሳው ቱቦ፦ የዴር ግባር አሮጌ ቤቶች እድሳት እና በታችኛው ክፍል የምትኖረው ሠራተኛ

በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ምዕራባዊ ክፍል፣ ከአብዱን ጋር ተጎራብቶ የሚገኘው ዴር ግባር በነጭ ድንጋይ የተለበጡ ቪላዎችና አፓርታማዎች የሚታዩበት ሰፈር ነው። እንዲህ ያሉ የምዕራብ አማን ሰፈሮች ስማቸው ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እንግዳ አይደለም። ከአገራችን ልዩ ልዩ አካባቢዎች የሄዱ እህቶች በቤት ሠራተኝነት ተቀጥረው ዓመታትን የሚያሳልፉት በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ነው። ቤቶቹ ግን እያረጁ ነው። ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ ሕንፃዎች የመታጠቢያ ክፍላቸው ይፈርሳል፤ ሴራሚካቸው ይለወጣል፤ ወጥ ቤታቸው ወደ ሌላ ማዕዘን ይዛወራል።

በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል ሊረሳ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የፍሳሽ መስመሩ የሚተነፍስበት የአየር ቱቦ ነው። ቱቦው አይታይም፤ ለእንግዳ አይታይለትም፤ የቤቱንም ዋጋ ከፍ የሚያደርግ መስሎ አይታሰብም። በተሳሳተ መንገድ ሲዘረጋ ወይም ጨርሶ ሲቀር ግን ከማዘጋጃ ቤቱ የፍሳሽ መስመር የሚነሳው ጋዝ ወደ መኖሪያ ክፍሎች ይገባል። ይህን ጋዝ በቅድሚያና ለረጅም ሰዓት የሚተነፍሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእድሳቱን ገንዘብ የከፈለው ባለቤት ሳይሆን በታችኛው ወለል ወይም በጣሪያው ላይ ባለች ጠባብ ክፍል የሚያድር ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የቧንቧ ሙያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የጤናና የሥራ ሁኔታ ጉዳይም ነው።

ቤቶቹ የተሠሩበት ዘመንና ዘዴ

ምዕራብ አማን በስፋት የተገነባችው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የነዳጅ ገቢ ባሻቀበበት በዚያ ዘመን በኩዌት፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎችም አገሮች ይሠሩ የነበሩ ዮርዳኖሳውያን የላኩት ገንዘብ በኮረብታዎቹ ላይ ቤት ሆኖ በቀለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ከወረረች በኋላ ደግሞ ሦስት መቶ ሺህ የሚገመቱ ሰዎች ወደ ዮርዳኖስ ተመለሱ፤ የከተማዋ ግንባታም እንደገና ተስፋፋ።

በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ቤቶች የፍሳሽ አወጣጡ ቀላል ነበር። የእጅ መታጠቢያው፣ የሻወሩና የገላ መታጠቢያ ገንዳው ውሃ በመታጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ ወደተቀበረ አንድ የጋራ መቀበያ ይገባል፤ ከዚያም በግድግዳው አልፎ በውጭ ወዳለ ማጥመጃ ጉድጓድ ይወርዳል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ደግሞ በራሱ ወፍራም ቧንቧ ብቻውን ወደ ማንሆል ይሄዳል። ቧንቧዎቹ በቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ወይም አማናውያን "መንወር" በሚሉት፣ ከምድር እስከ ጣሪያ ክፍት በሆነ የብርሃንና የአየር መቀበያ ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳሉ። መስመሮቹ አጫጭርና የተለያዩ ስለነበሩ አንዱ ሌላውን የሚያውክበት ዕድል ጠባብ ነበር።

ዘመናዊው እድሳት ይህን አሠራር ይለውጠዋል። በድንጋዩ ገጽታ ላይ የሚታየው ቧንቧ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ወደ ውስጥ ይገባል። ለየብቻ ይወርዱ የነበሩት መስመሮች ወደ አንድ ቋሚ ቧንቧ ይጠቃለላሉ። በአንድ ወለል የነበረው ቪላ ፎቅ ይጨመርበታል፤ ለእያንዳንዱ መኝታ ክፍልም የራሱ መታጠቢያ ይሠራለታል። በመጀመሪያው አሠራር ያለ ብዙ የአየር ቱቦ መኖር ይችል የነበረ ቤት በአዲሱ አሠራር ያለ እርሱ መኖር አይችልም። ብዙ ባለቤቶች የማይገነዘቡት ለውጥ ይህ ነው። ቤቱ "ሠላሳ ዓመት ሳይሸት ኖሯል" የሚለው መከራከሪያ ከእድሳት በኋላ የማይሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሲፎኑና የሚጠብቀው አየር

ከእያንዳንዱ የእጅ መታጠቢያ፣ የዕቃ ማጠቢያና የወለል መውረጃ ሥር ጎብጦ የተሠራ ቧንቧ አለ፤ በተለምዶ ሲፎን ይባላል። ውሃ በወረደ ቁጥር በጉብጠቱ ውስጥ ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ ይህ ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ጋዝ እንደ ክዳን ይዘጋል። ዘዴው አዲስ አይደለም። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለው ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ በለንደን የጎበጠ ቧንቧ ያለው መጸዳጃ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1775 ነበር።

የዚህ የውሃ ክዳን ጥልቀት በዓለም አቀፍ ኮዶች ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይጠየቃል። በሌላ አነጋገር በቤቱ ውስጥ ባለው ሰውና በከተማው ፍሳሽ መካከል ያለው ግድግዳ የሁለት ወይም የሦስት ጣት ስፋት ያለው ውሃ ነው። ይህን ውሃ ለመንቀል ብዙ ኃይል አያስፈልግም። ከላይኛው ፎቅ የሽንት ቤት ውሃ ሲለቀቅ ውሃው በቋሚው ቧንቧ ውስጥ አየሩን እየገፋና እየሳበ ይወርዳል። ከኋላው የአየር እጥረት ይፈጠራል፤ መተኪያ አየር ካላገኘም በቅርብ ያለውን ሲፎን ውሃ ስቦ ይወስደዋል። ከፊቱ ደግሞ አየሩን ይጨምቃል፤ የታመቀው አየር መውጫ ካላገኘ የታችኛውን ወለል ሲፎን ውሃ ወደ ክፍሉ እየገፋ ቡልቅ ቡልቅ ያደርገዋል።

የአየር ቱቦው ሥራ በእነዚህ በሁለቱ አቅጣጫዎች አየር ማመላለስ ነው። በፍሳሽ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ጋር ሲነጻጸር ከ25 ሚሊ ሜትር የውሃ ከፍታ በላይ እንዳይለያይ ያደርጋል። ይህ ልክ ከክዳኑ ጥልቀት ግማሽ ያህል በመሆኑ ውሃው ቢናወጥም ቦታውን አይለቅም። ብዙ ሰዎች ቱቦው የተሠራው ሽታ ለማስወጣት ብቻ ይመስላቸዋል። ሽታ ማስወጣቱ እውነት ነው፤ ዋናው ተግባሩ ግን የሲፎኑን ውሃ መጠበቅ ነው።

በፍሳሽ መስመር ውስጥ ከሚገኙት ጋዞች አንዱ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። በጥቂቱ ሲኖር የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲያይል ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ስለሆነም "ሽታው ጠፋ" ማለት ሁልጊዜ "አደጋው ጠፋ" ማለት አይደለም። ሚቴን ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚያጋጥመው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ ባይሆንም በየቀኑ ለሚተነፍሰው ሰው የራስ ምታት፣ የማቅለሽለሽና የዓይን መቆጥቆጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የውሃ እጥረትና የደረቀ ሲፎን

ለአማን ጉዳዩን የተለየ የሚያደርገው ሌላ ነገር የውሃው ሁኔታ ነው። ዮርዳኖስ በዓለም እጅግ ውሃ ካጠራቸው አገሮች አንዷ ናት። ለአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ታዳሽ ውሃ ከ100 ሜትር ኩብ በታች ነው፤ ፍጹም የውሃ እጥረት የሚባለው የዓለም አቀፍ መለኪያ ግን 500 ሜትር ኩብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው የዲሲ ፕሮጀክት ከደቡቡ በረሃ 325 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ በዓመት 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ወደ አማን ቢያደርስም የፈረቃው አቅርቦት አልቀረም። አብዛኛው ቤተሰብ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የሚመጣውን ውሃ በጣሪያው ታንከር ሞልቶ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ያብቃቃዋል።

ውሃ በሚቆጠብበት ቤት ወለል በባልዲ አይታጠብም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። እንግዳ ብቻ የሚጠቀምበት መታጠቢያ ለወራት ይዘጋል። ባለቤቶቹ በውጭ አገር የሚኖሩበት ቪላ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይከፈታል። ደረቁ የበጋ አየር በበኩሉ በወለል መውረጃው ሲፎን ውስጥ ያለውን ውሃ ያተነዋል። በአንጻሩ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚደረግበት የእጅ መታጠቢያ ሲፎን አይደርቅም፤ ውሃው በየሰዓቱ ይተካልና። አንድ ቤት ውስጥ ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው፤ የሚሠራበት መስመር ጤነኛ ሲሆን ያልተነካው መስመር የጋዝ በር ይሆናል።

በዚህ ረገድ ዓለም የማይረሳው ትምህርት የተገኘው ከሆንግ ኮንግ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2003 የሳርስ ወረርሽኝ "አሞይ ጋርደንስ" በተባለ የአፓርታማ መንደር ገባ፤ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስም 321 ነዋሪዎች ታመሙ። የከተማዋ የጤና ባለሥልጣናት ባደረጉት ምርመራ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው የደረቀ የወለል መውረጃ ሲፎን ነበር። ነዋሪዎች ወለላቸውን በውሃ ስለማያጥቡ ሲፎኖቹ ደርቀዋል። በመታጠቢያ ክፍሉ መስኮት ላይ የተተከለው አየር መሳቢያ ማራገቢያ በሩ ተዘግቶ ሲሠራ ከፍሳሽ ቧንቧው የተበከለ ጠብታ ይስባል፤ ወደ ሕንፃው የብርሃን ጉድጓድም ይተፋዋል። ከዚያ ወደ ላይኞቹ ፎቆች መስኮቶች ይወጣል።

በአማን አሮጌ ቤት እድሳት ላይ እነዚህ ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የደረቀ የወለል ሲፎን፣ አዲስ የተተከለ አየር መሳቢያና የብርሃን ጉድጓድ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገናኙ ይችላሉ። ይህ ማለት ወረርሽኝ ይነሳል ማለት አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩ የአፍንጫ ምቾት ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ቱቦው በየት በኩል ይሂድ?

በአሮጌ ቤት ትልቁ ጥያቄ መንገድ ማግኘት ነው። በአማን የተለመደው ጣሪያ በባዶ ብሎኬቶች መካከል የሚሄዱ የብረት ያለባቸው የኮንክሪት ጎድን አጥንቶች ያሉት ነው። ቧንቧ ለማሳለፍ በብሎኬቱ በኩል መብሳት ይቻላል፤ የኮንክሪቱን ጎድን መቁረጥ ግን ጣሪያውን ማዳከም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መዶሻ ማንሳት ሳይሆን ጎድኖቹ የት እንዳሉ መለየትና በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ከአየር ቱቦው መንገድ ጋር ማስማማት ነው።

ለብዙ ቤቶች ተስማሚው መንገድ አስቀድሞ የተሠራው የብርሃን ጉድጓድ ነው። መታጠቢያና ወጥ ቤቶች በዙሪያው ስለሚደረደሩ ቱቦውን በውስጡ ቀጥ አድርጎ እስከ ጣሪያ ማውጣት ይቻላል። ስህተቱ የሚመጣው ሠራተኛው ወጪ ለመቆጠብ ቱቦውን በጉድጓዱ ውስጥ በግማሽ መንገድ ሲተወው ነው። ያን ጊዜ ጋዙ በሁሉም ወለል መስኮቶች ፊት ይለቀቃል። የብርሃን ጉድጓዱ ለአየር ቱቦው መንገድ መሆን ይችላል፤ መድረሻ መሆን ግን አይችልም።

በአግድም መሄድ ግድ ሲሆን ሌላ ሕግ ይመጣል። ከፍሳሽ ቧንቧው የሚነሳው የአየር ቱቦ በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ ወደ ጎን መታጠፍ የሚችለውም የሚያገለግለው ዕቃ ውሃ ሞልቶ ከሚፈስበት ከንፈር ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ በኋላ ነው። ከዚያ በታች ከታጠፈ መስመሩ በተደፈነ ጊዜ ቆሻሻው ወደ አየር ቱቦው ይገባና ደርቆ ይዘጋዋል፤ ማንም ሳያውቅም ቱቦው ከሥራ ውጪ ይሆናል። አግድሙ ክፍል በውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት ተመልሶ እንዲወርድ ወደ ፍሳሹ አቅጣጫ መዘቅዘቅ ይኖርበታል።

በሲፎኑና በአየር ቱቦው መካከል ያለው ርቀትም የተወሰነ ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የቧንቧ ሥራ ኮድ ለ40 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 1 ነጥብ 8 ሜትር፣ ለ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ደግሞ 2 ነጥብ 4 ሜትር ገደማ ይፈቅዳል፤ ከዚህ የጠበበ ልክ የሚጠይቁ ኮዶችም አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቧንቧው በሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር እየዘቀዘቀ ሲሄድ ርቀቱ በረዘመ ቁጥር የአየር ቱቦው አፍ ከሲፎኑ የውሃ ልክ በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አየር ከመግባቱ በፊት ውሃው ተስቦ ያልቃል። የዕቃ ማጠቢያውን ከግድግዳ አንስቶ ወደ ወጥ ቤቱ መሐል ማዛወር፣ ዛሬ በእድሳት የሚወደደው አሠራር፣ ይህን ሕግ በቀላሉ የሚያፈርስ ነው።

የቱቦው ውፍረት ከሚያገለግለው የፍሳሽ ቧንቧ ግማሽ ማነስ የለበትም፤ በምንም ሁኔታ ከ32 ሚሊ ሜትር በታች አይሆንም። ርዝመቱ ከ12 ሜትር ሲበልጥም አንድ ደረጃ መወፈር አለበት።

በመጨረሻም ጣሪያው አለ። በዮርዳኖስ ጣሪያ ባዶ ቦታ አይደለም። የውሃ ታንከሮች፣ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያዎች፣ የሳተላይት ሳህኖች፣ አልፎ አልፎም የርግብ ቤቶች ይገኙበታል፤ የልብስ ማስጫ ገመድም የሚዘረጋው እዚያው ነው። ሰው በማይደርስበት ጣሪያ የአየር ቱቦው አፍ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይበቃል። ሰው በሚሠራበት ጣሪያ ግን ኮዶች 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ይጠይቃሉ፤ ጋዙ ከሰው ራስ በላይ እንዲወጣ ነው። ከመስኮትና ከበር በአግድም ሦስት ሜትር መራቅ ወይም ከመክፈቻው በላይ ከፍ ማለት አለበት። ከውሃ ታንከር ክዳን አጠገብ ማውጣት ከቶ የሚመከር አይደለም። ርግቦች ጎጆ እንዳይሠሩበት ሰፋ ያለ ወንፊት ሊደረግለት ይገባል፤ የፒቪሲ ቱቦ ከሆነም የፀሐይ ጨረር እንዳያሰነጥቀው ቀለም ይቀባል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ሌላ ቱቦ አለ። በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ የሚቃጠል ጭሱን የሚያስወጣበት የራሱ የጭስ መውጫ አለው። ሁለቱን ማገናኘት ወይም የጭስ መውጫውን ወደ ብርሃን ጉድጓዱ መልቀቅ ገዳይ ስህተት ነው። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የዮርዳኖስ የሲቪል መከላከያ ባለሥልጣናት በየክረምቱ ስለ ማሞቂያዎች ማስጠንቀቂያ የሚያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

አቋራጩ መንገድና ወሰኑ

ወደ ጣሪያ መውጫ ሲጠፋ ባለሙያዎች የሚያቀርቡት አማራጭ አየር ብቻ የሚያስገባ ቫልቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስዊድን የተፈለሰፈው ይህ ትንሽ ዕቃ በፍሳሽ መስመሩ ውስጥ የአየር እጥረት ሲፈጠር ይከፈታል፤ እጥረቱ ሲያበቃ በራሱ ክብደት ይዘጋል። ከሴራሚክ በኋላ ለተገኘ ችግር፣ ለምሳሌ በወጥ ቤት መሐል ለተተከለ ዕቃ ማጠቢያ፣ ጠቃሚ መፍትሔ ነው።

ነገር ግን ቫልቩ አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ከታች የታመቀውን አየር አያስተነፍስም። ስለሆነም በቤቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቱቦ እስከ ውጭው አየር ክፍት ሆኖ መውጣት አለበት። ሁሉንም ቱቦ ቆርጦ በቫልቭ የዘጋ እድሳት ችግሩን አልፈታም፤ ከላይኛው ወለል ወደ ታችኛው ወለል አዛውሮታል። ቫልቩ ከግድግዳ ጀርባ ታሽጎ የሚቀበርም አይደለም፤ አየር የሚያገኝበትና ሲበላሽ የሚለወጥበት ክፍተት ይፈልጋል።

በታችኛው ወለል የምትኖረው ሠራተኛ

የአማን ቤቶች በኮረብታ ላይ የተሠሩ በመሆናቸው ብዙዎቹ ከመንገዱ በታች የሚወርድ ወለል አላቸው። የልብስ ማጠቢያው፣ ዕቃ ቤቱና የሠራተኛዋ ክፍል በዚያ ሲሆኑ ይታያል። ዋናው ቋሚ ቧንቧ ቁልቁለቱን ጨርሶ ወደ አግድም የሚታጠፈውም እዚያው ነው። በዚህ መታጠፊያ ላይ ውሃው በድንገት ፍጥነቱን ስለሚያጣ አየሩ ይታመቃል። ጥሩ አሠራር የታችኛውን ወለል መታጠቢያ ከመታጠፊያው ቢያንስ የቧንቧውን ውፍረት አሥር እጥፍ አርቆ ማገናኘት ነው፤ ለ100 ሚሊ ሜትር ቧንቧ አንድ ሜትር ማለት ነው።

የሠራተኛዋ መታጠቢያ ግን በእድሳት ዕቅድ ላይ መጨረሻ የሚታሰብ ክፍል ነው። ዕቃ ቤት የነበረ ቦታ ተከፍሎ ሻወርና ሽንት ቤት ሲገባበት በቅርብ የተገኘው ቧንቧ ይበሳል፤ ሥራውም ተፈጸመ ይባላል። ውጤቱ የሚታወቀው ከላይ ያለው ቤተሰብ ውሃ በለቀቀ ቁጥር ነው። የታችኛው ወለል መውረጃ ቡልቅ ይላል፤ ክፍሉም ይሸታል። ሠራተኛዋ ብታመለክት ምክንያቱ ንጽሕና ማጉደሏ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ክሎሪን ይጨመራል፤ የአየር ማደሻ ይገዛል፤ ቧንቧው ግን እንዳለ ይቀጥላል። ቧንቧ ውስጥ ያለን የአየር ግፊት በክሎሪን ማጠብ እንደማይቻል የሚነግራቸው ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ጥፋቱ የእርሷ ሆኖ ይቆያል።

ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2008 የሥራ ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኞችን በሕጉ ጥላ ሥር በማካተት ከዓረብ አገሮች ቀዳሚ ሆናለች። በ2009 የወጣው 90ኛው ደንብም አሠሪው ለሠራተኛው በቂ ብርሃንና አየር ያለው የመኝታ ቦታ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። በኢትዮጵያ በኩል የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ስምሪቱ የሁለትዮሽ ስምምነት ካለባቸው አገሮች ጋር እንዲሆን ደንግጓል። እነዚህ ሕጎች ሲጻፉ በአብዛኛው የሚታሰበው ደመወዝ፣ የዕረፍት ሰዓትና የፓስፖርት ጉዳይ ነው። "በቂ አየር" የሚለው ቃል ግን መስኮትን ብቻ የሚመለከት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ከወለል መውረጃው ጋዝ የሚወጣበት ክፍል መስኮት ቢኖረውም በቂ አየር አለው ሊባል አይችልም።

የቁጥጥሩ ክፍተትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣችው ብሔራዊ የሕንፃ ሕግ መሠረት የሚዘጋጁ ኮዶች አሏት፤ አዲስ ግንባታም የታላቋ አማን ማዘጋጃ ቤት ፈቃድና የመሐንዲሶች ንድፍ ይጠይቃል። የመታጠቢያ ክፍል እድሳት ግን ብዙ ጊዜ በባለቤቱና በሠራተኛው መካከል በቃል የሚያልቅ ሥራ ነው። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ በግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ የሚያውቅ የለም።

ለአገር ቤት የሚተርፈው ትምህርት

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በአማን፣ በቤይሩትና በጅዳ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው የሚመለሱ እህቶች በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በጅማና በአዲስ አበባ ቤት ይሠራሉ ወይም የቤተሰባቸውን አሮጌ ቤት ያድሳሉ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትና በታንከር የሚጠራቀምበት ሁኔታ በእኛም ከተሞች የተለመደ ነው። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ሕንፃዎች በኮንክሪት ጎድንና በባዶ ብሎኬት በተሠራ ወለል ላይ የቆሙ መሆናቸውም ከአማን ቤቶች ጋር ያመሳስላቸዋል። ነዋሪዎች ዕጣ የደረሳቸውን ቤት ሲያድሱ ግድግዳ ያፈርሳሉ፤ ወጥ ቤትን ወደ በረንዳ ያወጣሉ፤ መታጠቢያ ያዛውራሉ። በጋራ ቧንቧ ላይ አንዱ የሠራው ስህተት የታችኛውን ጎረቤት ሲፎን ያደርቃል።

የሕግ ማዕቀፉ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርዶች 9ኛው የሕንፃዎችን የቧንቧ ሥራ የሚመለከት ነው፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ግንባታ በፈቃድና በቁጥጥር እንዲከናወን ደንግጓል። የጎደለው ኮዱን እስከ እድሳቱ፣ እስከ ቧንቧ ሠራተኛውና እስከ ባለቤቱ ማውረድ ነው።

ከሴራሚኩ በፊት

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቅደም ተከተል ግን ይጠይቃል። የአየር ቱቦው መንገድ የሚወሰነው ሴራሚክ ከመመረጡ በፊት እንጂ ከተለጠፈ በኋላ መሆን የለበትም። ግድግዳው ክፍት ሳለ የቱቦው ፎቶግራፍ ቢነሳና የቧንቧዎቹ ንድፍ በአንድ ወረቀት ቢቀመጥ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ባለሙያ ከመገመት ያድነዋል። ሥራው ከመዘጋቱ በፊት መስመሩ በውሃ ተሞልቶ ይፈተናል፤ የላይኞቹ ወለሎች ሽንት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተለቀው በታችኛው ወለል ሲፎኖች ያለው ውሃ መናወጥ አለመናወጡ ይታያል። ሠራተኛው የመጨረሻ ክፍያውን ከዚህ ፈተና በኋላ ቢቀበል ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

እድሳት ለማይጠበቅበት ቤት ደግሞ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። በማይሠራበት መታጠቢያ የወለል መውረጃ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ የደረቀውን ክዳን ይመልሳል። ለረጅም ጊዜ በሚዘጋ ቤት ከውሃው ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ቢጨመርበት ትነቱን ያዘገየዋል። ውሃ በሚቆጠብበት አገር ለዚህ ንጹሕ ውሃ ማባከን አያስፈልግም፤ አትክልት የታጠበበት ውሃ ይበቃል። የሲፎኑ ውሃ ተሞልቶም ሽታው ከተመለሰ ግን ችግሩ የጽዳት አይደለም፤ የአየር ቱቦው ነውና ባለሙያ መጠራት አለበት።

ይህን የመሰለ እውቀት ወደ ውጭ አገር ለሥራ ለሚሄዱ ዜጎች በሚሰጠው የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቢያገኝ ጥቅሙ ቀላል አይሆንም። ዛሬ ሠልጣኞች የቤት ውስጥ ማሽኖችን አጠቃቀም ይማራሉ። የወለል መውረጃ ለምን እንደሚሸት፣ የጋዝ ማሞቂያ ጭስ በየት መውጣት እንዳለበት፣ ቡልቅታ የምን ምልክት እንደሆነ ያወቀች ሠራተኛ ግን ራሷን ትጠብቃለች፤ ያላጠፋችውን ጥፋትም አትሸከምም። አሠሪውም ቢሆን ተጠቃሚ ነው። በታችኛው ክፍል ያለው አየር ከተበላሸ ነገ በደረጃው ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርምና።